የሜዳው ገድልና የሰውየው ቃል፦ የስፖርተኛ ግለ ታሪክ ለምን ይነበባል?

(በወረታ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ ስነግረው አንድ ባልደረባዬ፣ «ውጤቱ የታወቀ ጨዋታ ምን ይነበባል?» አለኝ። ቀልዱን ወደድኩት፤ ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። ልብ ወለድ ፍጻሜውን ደብቆ ያስነብበናል። የስፖርተኛ ግለ ታሪክ ግን ሽፋኑ ሳይገለጥ ፍጻሜው የታወቀ ነው፤ ዋንጫው መጥቷል፣ ሜዳልያው ተሰቅሏል፣ ሰዓቱ ተመዝግቧል። ታዲያ ምን ፍለጋ እናነባለን?

መልሴ አጭር ነው፤ ማስረዳቱ ግን ጊዜ ይወስዳል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሊነበብ የሚገባው ባለታሪኩ ሰዓት ቆጣሪው፣ ካሜራውና ተመልካቹ ያላዩትን፣ እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ለገዛ ክብሩ ሳይሳሳ ሲነግረን ነው። «ሳይሳሳ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እኛ ያለነው ጣና ዳር ነው። ከዚህ ሜዳ ማዶ ባሉት ገዳማት የተጻፉና የተጠበቁ ገድላት የሕይወት ታሪክ አጻጻፋችንን ቀርጸውታል። የገድል ዓላማ አርአያ ማቆም ነው። የቅዱሱ ልደት ምልክት አለው፤ ፈተናው የሚመጣው ድሉ እንዲታይ ነው። ገድል ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ የጽሑፍ ዓይነት ስለሆነ አልነቅፈውም። ችግሩ የሚፈጠረው ግለ ታሪክ ሳያውቀው የገድልን ልብስ ሲለብስ ነው። የስፖርተኞቻችን ታሪክ በጋዜጣም በሬዲዮም ሲነገር ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል? የድኻ ልጅ፣ የራቀ ትምህርት ቤት፣ የአሠልጣኝ ትንቢት፣ ድል፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ምስጋና። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ግራ ክንዱ ወደ ደረቱ ታጥፎ መቅረቱን የማያውቅ የለም። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ስለተደጋገመ አሁን እንደ ቅዱስ ሥዕል ምልክት ሆኗል። ኃይሌን የምናውቅበት እንጂ ስለ ኃይሌ አዲስ ነገር የምንማርበት አይደለም።

ሌላ ዓይነት አጻጻፍ የለንም ማለት አይደለም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስለ ሕይወታቸው የጻፉት፣ «ኦቶባዮግራፊ» ተብሎ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመው መጽሐፍ አለ። ተማሪዎቼ እንዲያነቡት ደጋግሜ የምወተውተው ጸሐፊው እንድንወዳቸው ስለማይለማመጡን ነው። ቅሬታቸውንም ኩርፊያቸውንም እዚያው እናገኘዋለን።

ወደ ስፖርቱ ስንመለስ ግን የምናገኘው አንድ ትልቅ ባዶ ቦታ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የማራቶን አሸናፊ የሆነው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ደገመው። ስለ እርሱ የተጻፈ ሞልቷል። ልጁ ጽጌ አበበ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትማለች፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቲም ጁዳም ጽፏል። በአበበ አንደበት የተጻፈ ግለ ታሪክ ግን የለንም። ለምን ጫማውን አወለቀ? አንዱ አዲሱ ጫማ እግሩን ስለጎዳው ነው ይላል፤ ሌላው ሲለማመድም በባዶ እግሩ መሮጥ ስለለመደ ነው ይላል፤ ሦስተኛው አገራዊ ትርጉም ይሰጠዋል። ሦስቱም የሌሎች ሰዎች ቃል ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ በኋላ ያለው ነው። በዓለም ላይ በእግሩ የሚታወቀው ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከአራት ዓመት በላይ ኖሮ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈ። በእነዚያ ዓመታት ማለዳ ሲነቃ ምን ያስብ ነበር? ከሮሙ ሌሊት ይልቅ የእነዚያን ዓመታት አንድ ምዕራፍ ባነብ እመርጣለሁ።

ምሩጽ ይፍጠርም እንዲሁ ነው። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ፤ በ5 ሺህ ሜትሩ ግን ሳይሮጥ ቀረ። ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ የተለያየ ወሬ ይነገራል። ከስምንት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀት በወርቅ ደመደማቸው፤ ወሬኛውም የሞስኮውን ድል ይዞ የሙኒኩን መቅረት ተወው። ለአንባቢ ግን መጽሐፉ የሚጀምረው ሙኒክ ላይ ነው።

አንድ ሰው ግን ጽፏል፤ ስሙን የምታውቁት ጥቂቶች ትሆናላችሁ ብዬ እፈራለሁ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያገኘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ። የዚያ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. አሥመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር አባት ተወለደ። በፍጻሜው ጨዋታ እርሱም ወንድሙ ኢታሎም ግብ አስቆጥረዋል። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፤ ኑሮውን ጣሊያን አድርጎ በ2022 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። በ2000 እ.ኤ.አ. በጣሊያንኛ ያሳተመው ግለ ታሪክ አርእስት ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ይኸው ገንዘቡ» ማለት ነው።

አርእስቱን ልብ በሉልኝ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ የተቀበለ ሰው ነው፤ «አምበሉ» ወይም «የ1954ቱ ድል» ቢለው ማን ይከለክለው ነበር? የመረጠው ግን ልጅ ደመወዙን ለእናቱ ሲያስረክብ የሚናገረውን ቃል ነው። ስታዲየሙን ሞልቶ ያጨበጨበው ሕዝብ ግቡን አይቷል፤ ይህችን ቃል ግን የሰማች እናቲቱ ብቻ ናት። ኳስ ተጫዋች ሠርቶ አዳሪ መሆኑን፣ ከግቡ በስተጀርባ ጎጆ መኖሩን በሦስት ቃላት ነገረን። ደግሞም ሌላ ጉድ አለ፤ የኢትዮጵያን ብቸኛ ዋንጫ ያነሣው ሰው ታሪኩን የጻፈው አብዛኞቻችን በማናነበው ቋንቋ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ስለ ብራዚልና ስለ እንግሊዝ ተጫዋቾች መጽሐፍ አያጣም። በዚህ አዳራሽ የትርጉም ትምህርት የምትከታተሉ ካላችሁ የመመረቂያ ርእስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ።

ስለ መሳሳት ላነሣ ነበር። አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች አንድሬ አጋሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ኦፕን» የተሰኘ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ዝና ያመጣለትን ጨዋታ እንደሚጠላው ይናገራል። በ1990 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ራሱ ላይ የነበረው ሰው ሠራሽ ጸጉር እንደነበረ፣ ከጨዋታው በፊትም ድል እንዲሰጠው ሳይሆን ጸጉሩ እንዳይወድቅ እንደጸለየ ጽፏል። ተሸነፈም። ቴሌቪዥን ያንን ጨዋታ ለዓለም አሳይቷል፤ ጸሎቱን ግን ማን አየ? (መጽሐፉን ያዘጋጀው ጄ. አር. ሞሪንገር የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ የለም። «ራሱ ካልጻፈው ግለ ታሪክ ነው ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው እጁ የማን እንደሆነ ሳይሆን ቃሉ የማን እንደሆነ ነው።)

ይህን ጥያቄ የምጠነቀቅበት ምክንያት አለኝ። በ1980ዎቹ የዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ከዚሁ ከፎገራ ሜዳ፣ ከርብ ዳር የወጡ የአውራጃ ኳስ ተጫዋች በነበሩ አንድ አዛውንት ሕይወት ላይ ነበር። ሦስት ማታ ደጃቸው ላይ ተቀምጠን አወሩኝ። አንድ ዓመት የአብዮት በዓል ውድድር ፍጻሜ ላይ አልተሰለፉም፤ ቡድኑ ተሸነፈ፤ ሰዉም «ገንዘብ በልቶ ነው» ብሎ አማቸው። እርሳቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ርብ ሞልቶ በረቱ ውስጥ ገባ። ሁለት በሬዎቼንና የመበለት እኅቴን ላም ሳወጣ አደርኩ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ፤ ከብቶቹን አውጥቼ የጨረስኩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጨዋታው ከቀትር በኋላ ነበር። እደርስ ነበር። ፈራሁ።»

ይህን ሁሉ ቆረጥኩት። «በቤተሰብ ችግር ምክንያት ሳይሰለፉ ቀሩ» ብዬ አለፍኩት። ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር። ጽሑፉ ጥሩ ውጤት አገኘ። ወስጄ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው በጽሞና ሰሙኝና፣ «ጎበዝ ሰው ነው። ማን ነው?» አሉኝ።

አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል። ማስታወሻ ደብተሬ ግን አልጠፋም። ባለፈው ክረምት የተቆረጠውን ቃላቸውን እንዳለ በኮምፒዩተር ጽፌ አንዱን ቅጂ ከመመረቂያ ጽሑፌ ጋር አያያዝኩት፤ ሌላውን ለልጅ ልጃቸው ሰጠሁት። ወጣቱ ውኃው ሲሸሽ በሚደርቀው በዚያው ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል። እፊቴ ቆሞ አነበበውና፣ «አያቴ ምን ፈርተው ነው?» አለኝ።

አልጠየቅኳቸውም ነበር።