ተጨማሪ መረጃ፦ ዶሮዎችና የበልግ ጓሮ

የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ባዶውን ጓሮ ለዶሮዎች መልቀቅ የቁፋሮውን ሥራ ያቀላል። ዶሮ ምግቧን የምትፈልገው እየጫረች ስለሆነ የላይኛውን አፈር ታላላለች፤ የአረም ዘርና የነፍሳት እጮችንም ትለቅማለች። ጉዳትም አለው፤ ለአፈር የሚጠቅመውን የመሬት ትልም አትምርም።

ትልቁ ጥቅም ግን ኩሷ ነው። ኩስ የአእዋፍ ዐይነ ምድር ነው። አእዋፍ ሽንታቸውን ለይተው አያስወግዱም፤ በኩስ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር በአብዛኛው በናይትሮጅን የበለጸገ ዩሪክ አሲድ ነው። ይህ ሲፈራርስ አሞኒያ ይፈጠራል፤ ትኩስ ኩስ የጎመን ችግኝን ሥር የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው። ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎችንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከጭድ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር ተከምሮ፣ ውኃ እየተርከፈከፈበትና እየተገላበጠ መብላላት አለበት። ውጤቱ ብስባሽ ይባላል። በደንብ የተሠራ ክምር መሀሉ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ለቀናት ከቆየ አብዛኞቹን ጎጂ ባክቴሪያዎችና የአረም ዘሮች ይገድላል። የደረሰ ብስባሽ ጠቆር ያለና የሚፈረፈር ነው፤ የሚሸተውም ዝናብ እንደነካው አፈር እንጂ እንደ ኩስ አይደለም።

ዘር ከተዘራ በኋላ ዶሮና ጓሮ አይስማሙም፤ መደቡ መታጠር አለበት።

ሞክሩ፦ በአካባቢያችሁ የብስባሽ ክምር ካለ ረጅም ደረቅ እንጨት መሀሉ ድረስ ስኩበት። ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ ጫፉን በጥንቃቄ ዳስሱ። ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ለምን?