ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ የተገኘ ስህተት

የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በተለጠፈ ሰሞን እንጅባራ ውስጥ እንደ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ የሚበዛበት የለም። ከአንከሻ፣ ከዚገም፣ ከጃዊ ድረስ የመጣ ተመራቂ ማመልከቻውን ሊያስጽፍ ይሰለፋል። ጸሐፊዋ ቀድሞ ለሌላ ሰው የጻፈችውን ሲቪ ትከፍታለች፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ትቀይራለች፤ ታትሞ ይሰጠዋል። ዳንግላም ያው ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ሲቪ የሰው ሀብት ባለሙያው እኔ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ታሪክ ተቀላቅሎበታል። የሒሳብ አያያዝ ተመራቂው የላቦራቶሪ ደህንነት ሥልጠና ወስዷል ይላል። ከላይ የወንድ ስም ተጽፎ ጾታው ላይ “ሴት” የሚል አለ። ቋንቋ በሚለው ሥር ደግሞ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ አገውኛ ይገባና ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ በሚሉት ሁሉ ፊት “በጣም ጥሩ” ተሞልቶ ይመጣል። ዳንግላ ከተማ ተወልዶ በአማርኛ ያደገ ልጅ አያቶቹ ሲያወሩ ይሰማ ይሆናል፤ መጻፍ ግን ሌላ ነው። አገውኛ በዞናችን ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ፣ የሚጻፍበትና የሚሠራበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ “መጻፍ” ፊት የሚገባው ምልክት ለአንዳንድ የሥራ መደብ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው።

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገጥመን “ተሳስቷል” ወይም “ዋሽቷል” ማለታችን አይቀርም። የሰው እንጀራ ያለው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው።

ከስህተቶቹ ሁሉ የበዛውም የከፋውም የዘመን አቆጣጠር ነው። እኛ የምንማረውና የምንቀጠረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሲቪ ግን በእንግሊዝኛ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፋል። ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ይህን የሚያውቅ ተመራቂም ቢሆን ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ ቆሞ፣ ከኋላው ሰው እየጠበቀ፣ በችኮላ ሲያሰላ አንዱን ቁጥር ይዞ ሁሉንም በእሱ ይደምራል።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ከመጋቢት 2011 እስከ ኅዳር 2013 ሠርቷል እንበል። ይህ 1 ዓመት ከ8 ወር ነው። ሁለቱም ላይ 7 ቢደምር ከማርች 2018 እስከ ኖቬምበር 2020 ይሆንለታል፤ 2 ዓመት ከ8 ወር። ያልሠራው አንድ ሙሉ ዓመት ተጨመረለት። ሌላው ከኅዳር 2011 እስከ ሰኔ 2013 ሠራ እንበል፤ 2 ዓመት ከ7 ወር መሆኑ ነው። እሱም እንደ መጀመሪያው 7 ብቻ ቢደምር ከኖቬምበር 2018 እስከ ጁን 2020 ይጻፍና 1 ዓመት ከ7 ወር ይቀርለታል። ማስታወቂያው “2 ዓመት የሥራ ልምድ” ካለ፣ ያው አንድ ስህተት የማይገባውን አስገብቶ የሚገባውን ይጥላል።

በሥራዬ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር ዓመት የጎደለበት ሰው ያለፉት ስም ዝርዝር በተለጠፈ ማግስት ሲቪውን ይዞ በራችን ላይ መቆሙን ነው። ዓመት የተጨመረለት አይመጣም። አላየውም ይሆናል፤ አይቶትም ዝም ብሎ ይሆናል። እኔ ከውጭ ሆኜ ሁለቱን መለየት አልችልም፤ የሚለየው ራሱ ባለቤቱ ነው። የምጽፈውም ለእሱ ነው።

እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለመጀመሪያው ማጣሪያ የምንቀበለው ማመልከቻና ሲቪ ብቻ ነው፤ ኦርጂናል ማስረጃ የሚመሳከረው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ምዝገባው ተዘግቶ፣ ለፈተና ያለፉት ስም ዝርዝር ተለጥፎ ሳለ አንድ ወጣት ከዳንግላ በጠዋት ሚኒባስ በአዲስ ቅዳም አድርጎ መጣ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበት ወቅት ስለነበር በኢሜይል ልላክ ቢል አይችልም። ስሙ ከተለጠፉት ውስጥ አለ። “ጋሼ፣ ሲቪዬ ላይ ዓመቱ ተሳስቷል፤ ሁለት ዓመት አልሞላኝም” አለኝ። ስሌቱን አብረን አየነው፤ ከላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ማታ ለፈተናው ሲዘጋጅ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ከሲቪው ጋር ሲያስተያይ ነው የደረሰበት። “ዝም ብል ማንም አያየውም ነበር ወይ?” ብሎም አልጠየቀኝም። በጽሑፍ አድርገው አልኩት፤ ጻፈ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አደረገ። ኮሚቴው ከዝርዝሩ አወጣው፤ በራሱ ፈቃድ ቀድሞ ማሳወቁንም በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። ያንን ቦታ አላገኘም።

ይህን ያነሳሁት እውነት መናገር ወዲያው ሥራ ያስገኛል ለማለት አይደለም። አላስገኘለትም። ልዩነቱ የሚታየው ዝም ያለው ሰው ዘንድ ሲኬድ ነው። ቀጣሪ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ካስገባ በኋላ ለቀድሞ ቀጣሪውና ለተማረበት ተቋም ሬጅስትራር የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጽፋል። መልሱ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። ሲመጣ ሰውየው ቤት ተከራይቷል፣ ምናልባት ትዳር ይዟል፣ ሌላ የነበረውን ሥራ ለቋል። ያን ጊዜ “ተሳስቼ ነው” ቢል የሚያምነው የለም፤ በስህተቱ ደመወዝ በልቶበታላ። የመንግሥት ሠራተኞች ሕጎቻችን በሐሰተኛ ማስረጃ የተገኘ ቅጥር እንዲሰረዝ ያዛሉ፤ ስረዛው ላይ ብቻም አይቆምም።

ሕጉ ራሱ ስህተትንና ውሸትን አያምታታም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሰነድን ወደ ሐሰት መለወጥን ሲደነግግ ሐሳብን ይጠይቃል፤ ሌላውን ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት መታሰብ አለበት። በቸልተኝነት የተሠራ ነገር የሚያስቀጣውም ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ በችኮላ የተደመረ 7 ወንጀል አይደለም። ባለቤቱ አውቆት፣ ጥቅሙን እያሰበ ይዞት ሲቀመጥ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚከራከርለት ንጹሕ ልብ አይኖረውም።

በውጭ አገር በጣም ከሚታወቁት ጉዳዮች አንዱ የማሪሊ ጆንስ ነው። በአሜሪካው ማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ ነበረች፤ በሙያዋም የተከበረች። በ2007 እ.ኤ.አ. ከሥራዋ ለቀቀች። ከ28 ዓመት በፊት ስታመለክት የሌላትን ዲግሪ አስመዝግባ ነበር። ያ ስህተት ሳይሆን ውሸት ነው፤ ከእኛ ተመራቂ ጋር አላወዳድራትም። የሚያስተምረኝ ራሷ በመግለጫዋ ያመነችው ነገር ነው፦ በኋላ ለከፍተኛው ቦታ ስትወዳደር ሲቪዋን ለማረም ዕድሉ ነበራት፤ ድፍረቱ ግን አልነበራትም። 28 ዓመት የሠራችው መልካም ሥራ አላዳናትም።

እንዴት ይታረም? ብዙዎች የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው። አንዲት ልጅ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ላይ የቀድሞ ቀጣሪዋ ዓመቱን አሳስቶ ጽፎባት፣ ቁጥሩን በተመሳሳይ ቀለም እስክርቢቶ አስተካክላ አመጣች። 2 የነበረችው 3 ሆናለች፤ ከሥር የድሮዋ ጭረት ይታያል። ያስገባችው ቁጥር እውነተኛው ነበር። ነገር ግን ስርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ ተቀባይነት የለውም፤ ማኅተም ያረፈበትን ሰነድ ከሰጪው በቀር ማንም እጁን አያስገባበትም። እውነቱን ልታስቀምጥ ብላ እውነተኛውን ወረቀቷን አበላሸችው። ደብዳቤውን መልሳ አዲስ ማስጻፍ ነበረባት፤ መብቷም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቀው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። “ና ተመለስ” እያሉ የሚያመላልሱ ድርጅቶች ስላሉ ይህ ቢታወቅ ጥሩ ነው።

ስህተቱ ሲቪው ላይ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሲቪ ሹልክ አድርጎ ማስገባትና አሮጌው እንዲወጣ መለመን አይገባም። መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ “እቱ፣ ቀይሪልኝ” ማለት እሷንም ችግር ውስጥ መክተት ነው። ሁለቱም ፋይል ውስጥ ይቀመጡ፤ በመካከላቸው አጭር ደብዳቤ ይግባ። ወጣቱን ያስጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦

“ለዚህ የሥራ መደብ ባስገባሁት ሲቪ የሥራ ልምዴ ከማርች 2018 እስከ ኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛው ከማርች 2019 እስከ ኖቬምበር 2020 ነው። ስህተቱ የተፈጠረው ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃዬንና የተስተካከለውን ሲቪ አያይዤ አቅርቤአለሁ።”

ሌላ ምንም አያስፈልግም። የቤተሰብ ችግር፣ ልመና፣ ረጅም ይቅርታ አይጨመርበት። ምን ተጻፈ፣ እውነቱ የቱ ነው፣ እንዴት ተሳሳተ፣ ማስረጃው የት አለ፤ ቀንና ፊርማ። ገቢ የሆነበት ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ግን ለራስ ማስቀረት ነው። ነገ ጥያቄ ቢነሳ የሚናገረው ያ ቀን ነው።

የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ልጆችንም አደራ እላለሁ፦ ከአሮጌ ፋይል አትጀምሩ፤ ወይም ታትሞ ከመሰጠቱ በፊት ባለቤቱ መስመር በመስመር ያንብበው። አመልካቹም ከተቻለ የኢትዮጵያ አቆጣጠሩን በሲቪው ላይ ከጎኑ ያስጽፍ፤ እኛ እዚሁ ነን፣ እናነበዋለን።

የልደት ቀንን ለብቻው ላንሳው፤ ስህተቱ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሰውየው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የሰፈረው ነው። ዛሬ 22 ዓመት የሆነው ልጅ በቸልታ የሚሞላው ቁጥር 60 ዓመት ሲደፍን ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ የክርስትና ማስረጃም፣ የሰፈር ሽማግሌም አያስለውጠውም። ቅጹን ስትሞሉ የፋይዳ መታወቂያችሁን፣ የትምህርት ማስረጃችሁንና የልደት ምስክር ወረቀታችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ ካልተስማሙ ፊርማችሁን ሳታኖሩ ተናገሩ።

አሁን ለሙያ ባልደረቦቼ። የምናወጣቸው ማስታወቂያዎች ስለ ሐሰተኛ ማስረጃ ያስፈራራሉ፤ ስህተቱን ቀድሞ ያገኘ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገሩም። “ምዝገባው ተዘግቷል” ብሎ መመለስ ይቀለናል። እንዲህ ስናደርግ ለአመልካቹ የምንነግረው ዝም ቢል እንደሚሻለው ነው። ቀነ ገደቡ ማመልከቻ ለማስገቢያ ነው፤ እውነትን ለማሳወቂያ ቀነ ገደብ ልናወጣ አይገባም። በራሱ የመጣን ሰው መስፈርቱን ካላሟላ እናወጣዋለን፤ ነገር ግን ስሙ በአጭበርባሪ መዝገብ አይገባም፤ በሚቀጥለው ማስታወቂያም እንደማንኛውም ሰው ይወዳደራል። በእንጅባራም በዳንግላም፣ በየወረዳው ማስታወቂያ የምትጽፉ ሁሉ፣ ከታች አንድ መስመር ጨምሩ፦ “ባስገባው ማመልከቻ ላይ ስህተት ያገኘ አመልካች ምዝገባው ከተዘጋ በኋላም ቢሆን እስከ ቅጥሩ ድረስ በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል።”