ስለ ካቶሊክ እምነት የሚነገረው ተረትና ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው እውነታ

ልጅ ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ እስከዚያ ድረስ ከእናቱና ከአባቱ ሳይጠይቅ የተቀበለውን ሃይማኖት፣ ባልንጀሮቹ በጠየቁት ጊዜ በገዛ አንደበቱ ይመልስ ዘንድ ግድ ይሆንበታል። በአገራችን የካቶሊክ ምእመናን ቍጥር ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ስለሆነ፣ የካቶሊክ ልጅ ይህ ጥያቄ ቶሎ ይደርስበታል፤ «እናንተ ማርያምን ታመልካላችሁ»፣ «ጳጳሳችሁ ኃጢአት አይሠራም ትላላችሁ»፣ «ለቄስ ከተናገራችሁ በኋላ ያሻችሁን ትሠራላችሁ» ይሉታል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጠያቂዎቹ አለማወቅ አይደለም፤ ልጁ ራሱ ተረቱን ከእውነታው ሳይለይ፣ ከመንገድ የሰማውን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት አድርጎ ይዞ፣ ወይ ያለ ምክንያት ሲያፍርበት ወይም ያለ ምክንያት ሲፈራው መኖሩ ነው እንጂ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ተረት፦ «ካቶሊክነት የፈረንጅ ሃይማኖት ነው።»

ይህ አባባል ከባዶ የተነሣ አይደለምና ምንጩን መደበቅ አይገባም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1625 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አባቶች ያቆዩት ሥርዓትና የዘመን አቈጣጠር በሮም ልማድ እንዲተካ በማዘዙ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን ሲለቁ የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ፣ የሜንዴስ ማኅበር የሆኑት ኢየሱሳውያንም ከአገር ተባረሩ። የዚያ ዘመን ቍስል በሕዝብ ልብ ውስጥ መቅረቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ካቶሊክ የሆነ ሰውም ያ ግፍ ግፍ መሆኑን ሳያመነታ ሊናገር ይገባዋል።

ነገር ግን ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የአንድ ሥርዓት ብቻ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ከላቲኑ ሥርዓት ሌላ፣ በየራሳቸው ቅዳሴ፣ ጾምና ቀኖና የሚኖሩ 23 የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ከእነዚህ አንዷ ሆና በግዕዝ ትቀድሳለች። በ1839 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሜንዴስን መንገድ አልተከተለም፤ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የግዕዙን ሥርዓት አክብሮ ኖረ። በእርሱ እጅ ወደ ካቶሊክ እምነት የገቡትና በ1855 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ያረፉት የጎጃሙ መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ተብለዋል። በሮም ደግሞ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በምትገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የኢትዮጵያ መነኰሳት ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. የግዕዝን ሐዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ አሳትመዋል። በደቡብና በምዕራብ አገራችን ያሉት ምእመናን በአብዛኛው በላቲን ሥርዓት ቢቀድሱም፣ በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር ያሉት ሀገረ ስብከቶች የግዕዙን ሥርዓት ይዘዋል።

«ካቶሊክ አይጾምም» የሚለውም ከዚሁ የሥርዓት ልዩነት የተነሣ ነው። በግዕዝ ሥርዓት ያለው ምእመን ከአባቶች የተረከበውን ጾም ይጾማል፤ በላቲን ሥርዓት ያለውም ዐሥራ አራት ዓመት ከሞላው ጀምሮ በተወሰኑት ቀናት ከሥጋ ይከለከላል፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ምግብ የመቀነስ ግዴታ ይጨመርበታል።

ተረት፦ «ካቶሊኮች ማርያምን ያመልካሉ፤ ንጽሕት ፅንስ ማለትም ጌታ ያለ አባት መፀነሱ ነው።»

አምልኮ ለሥላሴ ብቻ የሚገባ መሆኑን፣ ለቅዱሳንና ለሥዕሎቻቸው የሚሰጠው ግን የአክብሮት ስግደት መሆኑን ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ በ787 ዓ.ም. ለይቶ ወስኗል። ለእመቤታችን የሚሰጠው ክብር ከቅዱሳን ሁሉ ይበልጣል፤ ቢሆንም ከአምልኮ ጋር በመጠን ሳይሆን በዓይነት ይለያል፤ መቍጠሪያ ይዞ የሚጸልይ ሰው እርስዋን የሚለምነው ስለ እርሱ ወደ ልጅዋ እንድትለምንለት ነውና።

ሁለተኛው ስሕተት ግን በካቶሊክ ልጆችም ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ጌታችን ከድንግል በመንፈስ ቅዱስ ግብር መፀነሱ አንድ ነገር ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዘጠነኛ በ1854 ዓ.ም. የደነገጉት የንጽሕት ፅንስ ትምህርት ግን የሚናገረው እመቤታችን ራስዋ በእናትዋ በሐና ማኅፀን ስትፀነስ ከጥንተ አብሶ የተጠበቀች ስለ መሆኗ ነው። እርስዋ እንደ ማንኛውም ሰው ከአባትና ከእናት፣ ከኢያቄምና ከሐና ተወልዳለች። «እንግዲያውስ አዳኝ አላስፈለጋትም ማለት ነው» ብሎ የሚጠይቅ ብልህ ልጅ ቢኖር፣ የድንጋጌው መልስ ተቃራኒው ነው፤ ይህ ጸጋ የተሰጣት ወደ ፊት በሚሆነው በልጅዋ ሞት ዋጋ ነው፤ እኛ ከወደቅን በኋላ ተነሣን፣ እርስዋ እንዳትወድቅ ተጠበቀች፤ ያዳነን ግን አንዱ ነው።

ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሚነገረው ተረት በአጭሩ ሊመለስ ይችላል። በ1870 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ የወሰነው፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሁሉ እረኛ በመሆን ሥልጣኑ የእምነትን ወይም የግብረ ገብን ትምህርት ለመላይቱ ቤተ ክርስቲያን በፍጻሜ ሲደነግግ እንዳይሳሳት ይጠበቃል ማለትን ነው እንጂ፣ ኃጢአት አይሠራም ወይም የሚናገረው ቃል ሁሉ እውነት ነው ማለትን አይደለም። ከዚያ ወዲህ በዚህ አኳኋን የተደነገገው የእመቤታችን በነፍስም በሥጋም ወደ ሰማይ መፍለስ ነው፤ ይህም በ1950 ዓ.ም. ሆነ። ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳትም እንደ እኛ ይናዘዛሉ፤ ፍራንቸስኮስ በ2014 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ በአንድ ተራ ካህን ፊት ተንበርክከው ተናዝዘዋል።

ተረት፦ «ለቄስ ነግሮ መሄድ ነው፤ ነገ ያንኑ ይደግመዋል።»

ከዚህ ተረት ይልቅ ልጆችን የሚጐዳ የለም፤ ምክንያቱም የሚያምነው ልጅ ንስሐን ይንቃል፣ የማያምነው ደግሞ ንስሐ የሚገባውን ባልንጀራውን ይንቃል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት፣ ከኃጢአቱ ለመለየት ምንም ቍርጥ ሐሳብ ሳይኖረው በካህን ፊት የሚንበረከክ ሰው የፍትሐቱን ቃል በጆሮው ቢሰማም ሥርየትን አያገኝም። ንስሐ ማለት በመጀመሪያ መጸጸት፣ ቀጥሎም ዳግመኛ ላለመሥራት መቍረጥ፣ ኃጢአቱን ሳይሸሽጉ መናዘዝ፣ በመጨረሻም ካህኑ የሚሰጠውን ቀኖና መፈጸም ነው። እንደገና መውደቅ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ደካማ ስለሆነ ዛሬ ከልቡ ቈርጦ ነገ ሊወድቅ ይችላል፣ ያን ጊዜም በሩ አይዘጋበትም። ነገ ለመድገም አስቦ ዛሬ የሚናዘዝ ግን ገና አልተናዘዘም።

በዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ግዴታ አለ፤ እርሱም የወሰዱትን መመለስ ነው። የባልንጀራውን ስልክ የሰረቀ ልጅ ተናዝዞ፣ ስልኩን በኪሱ ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ሊወጣ አይችልም፤ ሊመልሰው ወይም ዋጋውን ሊተካ ይገባዋል። እንዲሁም አንዲት ልጅ ያላደረገችውን አደረገች ብሎ በክፍሉ ያስወራ ሰው፣ ሐሰቱን በነገራቸው ሰዎች ፊት ቃሉን መልሶ ስሟን ሊያጠራ ግዴታ አለበት። ይህ ከመናዘዙ ይልቅ ይከብዳል፤ ንስሐ ቀላል ነው የሚሉት ሰዎች ይህን አልቀመሱትም ብዬ አምናለሁ።

ልጆች የሚፈሩት ደግሞ ሌላ ነው፤ «አባ ለወላጆቼ ቢነግሩብኝስ» ይላሉ። ካህን በኑዛዜ የሰማውን ለወላጅ፣ ለመምህር፣ ለዳኛ፣ ለጳጳስም ቢሆን ሊናገር አይችልም፤ የገዛ ሕይወቱን ለማዳን እንኳ ቢሆን አይፈቀድለትም፤ በቀጥታ የገለጠ ካህን በዚያው ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ይለያል። ሥርየትም በገንዘብ አይገዛም። በ16ኛው ምዕት ዓመት የቅጣት ስርየት በገንዘብ መለዋወጡ ታላቅ ነውር ሆኖ፣ ማርቲን ሉተርም በ1517 ዓ.ም. የተነሣው በዚሁ ነገር ነበር፤ የትሬንቶ ጉባኤ ይህን ክፉ ልማድ ካወገዘ በኋላ፣ በ1567 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ አምስተኛ ከገንዘብ ጋር የተያያዘውን የስርየት ፈቃድ ሁሉ ሽረዋል።

ተረት፦ «ክፉ ሐሳብ ከመጣብኝ ኃጢአት ሠርቻለሁ።»

በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች፣ ይልቁንም ለእግዚአብሔር የሚቀኑት፣ በድንገት በልባቸው ስለሚያልፍ ቍጣ፣ ቅንዓት ወይም የሥጋ ምኞት ራሳቸውን ሲኰንኑ በጭንቀት ይኖራሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲህ ያለውን ቀንበር በማንም ላይ አልጫነም። ኃጢአት የሞት ኃጢአት ይሆን ዘንድ ሦስት ነገሮች በአንድነት ሊገኙ ያስፈልጋሉ፦ ነገሩ ከባድ መሆን አለበት፣ ሰውየው ከባድነቱን በሙሉ ዕውቀት ሊያውቅ ይገባል፣ ፈቃዱንም በነፃነት ሊሰጥ ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ የሞት ኃጢአት አይደለም። በሕልም የታየ፣ ሳይጠሩት የመጣ፣ ተገድዶ የሆነ ነገር ፈቃድ የሌለበት ስለሆነ በሠሪው ላይ አይቈጠርም። እንግዳ በሩን ቢያንኳኳ ባለቤቱ አስገብቶታል አይባልም፤ ተነሥቶ በሩን ከከፈተ፣ ምንጣፍም ካነጠፈለት ነው የሚጠየቀው። እንዲያውም ፈተናውን ያባረረ ልጅ ድል አድርጓል እንጂ አልወደቀም። ይህን በጊዜው ያልሰማ ልጅ ሲያድግ ወይ በከንቱ ፍርሃት ይታሰራል፣ ወይም «ከሆነ አይቀር» ብሎ ሁሉን ይተዋል፤ ሁለቱንም አይቻለሁና መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ይህን አስቀድመው እንዲያስተምሩ አጥብቄ እለምናለሁ።

ምኞት ሲነሣ «ቤተ ክርስቲያን ሥጋን ትጠላለች» የሚለውም አብሮ ይነሣል። ሥጋን ክፉ ፍጥረት ነው ያሉት መናፍቃን ማኒያውያን ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ያህል የቈየው ቅዱስ አውግስጢኖስ ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ይህንኑ ስሕተት ተከራክሯል። ተክሊልን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ የምትቈጥር፣ የሥጋን ትንሣኤ በጸሎተ ሃይማኖትዋ የምታውጅ ቤተ ክርስቲያን ሥጋን ልትጠላ አትችልም። ንጽሕናን የምታስተምረው ሥጋ ርኩስ ስለሆነ ሳይሆን፣ ክቡር ስለሆነና ሰው ለሰው መጫወቻ ሊሆን ስለማይገባው ነው።

ደግሞም ግብረ ገብ ማለት የንጽሕና ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ አለ። በፈተና መኰረጅ፣ ደካማውን ልጅ ከበው መሣቅ፣ የቤት ሠራተኛይቱን ማመናጨቅ፣ ሊረዱት ሲቻላቸው አይተው ማለፍ፣ እነዚህ ሁሉ በኑዛዜ የሚነገሩ ናቸው። የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረትን የትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍት ወደ ሰማይ ከሚጮኹት ኃጢአቶች ጋር ይቈጥሩታል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን ዐሥራ ሦስተኛም በ1891 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት፣ ሠራተኛ ራሱን የሚያስተዳድርበት የሚበቃ ደመወዝ ማግኘት የፍትሕ ነገር መሆኑን አስተምረዋል።

«ኅሊናዬ ካልወቀሰኝ በቂዬ ነው» የሚል ወጣት ደግሞ ግማሹን እውነት ይዟል። ሰው ኅሊናው በርግጥ የሚያዝዘውን መታዘዝ እንዳለበት ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ነገር ግን ኅሊና በቃለ እግዚአብሔር፣ በጸሎትና በምክር የሚታነጽ ነውና፣ ሊያውቅ ሲችል ቸል ብሎ ያልተማረ ሰው ባለማወቁ ይጠየቅበታል።

«ቤተ ክርስቲያን የሳይንስ ጠላት ናት» የሚለውን ተረት በተመለከተ፣ በ1633 ዓ.ም. በጋሊሌዎ ላይ የተፈረደው ፍርድ ስሕተት መሆኑን ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1992 ዓ.ም. በይፋ ተናግረዋል። የዘር ውርስን ሕግ በአተር ላይ መርምሮ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል መነኵሴ ነበረ፤ ዓለም ከአንድ ጥንታዊ ነጥብ ተነሥታ እየሰፋች ሄዳለች የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ዦርዥ ለሜትርም የቤልጅግ ካህን ነበር።

የመጨረሻው ተረት፣ «ካቶሊክ ያልሆነ ሁሉ ይኰነናል ብላችሁ ታስተምራላችሁ» የሚለው ነው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የነበረ ሊዮናርድ ፊኒ የተባለ ካህን ይህንኑ በጥብቅ ሲያስተምር፣ ሮም ስሕተቱን በ1949 ዓ.ም. በደብዳቤ ገለጠችበት፣ ተጠርቶም አልመጣም ባለ ጊዜ በ1953 ዓ.ም. ተወገዘ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ዓ.ም. ያወጣው ትምህርት፣ ወንጌልን በራሳቸው ጥፋት ሳይሆን ሳያውቁ የቀሩ፣ ነገር ግን እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉና በጸጋው እየተረዱ ኅሊናቸው ያሳያቸውን ፈቃዱን ለመፈጸም የሚጥሩ ሰዎች ሊድኑ እንደሚችሉ ይናገራል። የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናትንም ያው ጉባኤ ሲያነሣ፣ እውነተኛ ምሥጢራት፣ ይልቁንም ክህነትና ቍርባን እንዳላቸው ይመሰክራል። ስለዚህ በክፍሉ አጠገቡ የተቀመጠው የተዋሕዶ ልጅ የተቀበለው ጥምቀት እውነተኛ ጥምቀት፣ የሚቀበለውም ሥጋ ወደሙ እውነተኛ የክርስቶስ ሥጋና ደም መሆኑን የካቶሊክ ልጅ ሊያውቅ ይገባል፤ በዚህም ምክንያት አንድ ኦርቶዶክሳዊ በፈቃዱ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ እምነቱን ይመሰክራል እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅም።