ደብተር ለምን መጨረሻ ላይ ይቆረጣል?

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ደብተር አሠራር ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ይቅርታ አለብኝ።

ባለፈው እትማችን የአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ስም ከጽሑፏ ላይ ተቆርጦ ቀረ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መጽሔቱን በመርፌና በክር ከሰፋነው በኋላ የመሀል ወረቀቶች ወጣ ወጣ አሉብኝና በመቀስ አስተካከልኳቸው። ልጅቷ «ታዲያ የኔ መሆኑን ማን ያውቃል?» ብላ አለቀሰች። እኔን ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ወረቀቶቹ እኩል ነበሩ፤ ለምን ወጡ?

መልሱን ያገኘሁት ከወንድሜ ነው። እሱ ባሕር ዳር «ፖሊ» በሚባለው ግቢ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ይማራል። ግቢው በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ የተከፈተ ነው። ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል ወደ እንጅባራ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር የነደፉትን ማሽን አሳየኝ። ትንንሽ ደብተር የሚጨርስ ማሽን ነው። ገና አልተሠራም፤ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ሥራው አራት ነው።

1ኛ. መደርደር፦ አንድ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 32 ገጽ ደብተር 8 ወረቀት ይፈልጋል።

2ኛ. ማጠፍ፦ ወረቀቶቹ ተደራርበው አንድ ላይ ይታጠፋሉ።

3ኛ. መስፋት፦ እዚህ ጋ የኛ ፈረስ መጣ! የታጠፈው ወረቀት ጫፉ ሹል በሆነ ብረት ላይ ይጫናል፤ ልክ እንደ ኮርቻ፣ ግማሹ በግራ ግማሹ በቀኝ። ከዚያ ሽቦ ከላይ ጀርባውን ወግቶ ይገባና ውስጥ ላይ ይታጠፋል።

4ኛ. መቁረጥ፦ ቢላው ዘንበል ያለ ነው። ቀጥ ብሎ ቢወርድ ሁሉንም ቦታ በአንዴ ስለሚነካ ብዙ ጉልበት ይፈጃል። ዘንበል ካለ ግን እንደ መቀስ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ይቆርጣል። ደግሞም ሁለት እጀታ አለው፤ ሁለቱ ካልተያዙ አይወርድም። ለምን? አንዱ እጅ ቢላው ስር እንዳይገባ ነዋ!

አሁን 8 ወረቀት ደራርባችሁ እጠፉ። የውጭኛው ወረቀት የሌሎቹን ውፍረት ሁሉ ዞሮ ማቀፍ አለበት፤ እዚያ ላይ ያጥራል። የመሀሉ ወረቀት ግን የሚያቅፈው ስለሌለ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። በጣታችሁ ዳስሱት። ቀድሞ እኩል መቁረጥ የማይጠቅመው፣ ደብተርም ከተሰፋ በኋላ የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

«ማሽኑ ቢኖራችሁም ስሟን ይቆርጠው ነበር» አለኝ ወንድሜ። «ዳሩ ላይ ቦታ ሳትተዉ ጽፋችኋላ!»

ስለዚህ ለክበባችን ጽሑፍ ስትሰጡ ከዳር ሁለት ጣት ያህል ተዉ። የዚያች ልጅ ጽሑፍ በዚህ እትም ከነስሟ በድጋሚ ወጥቷል። እባካችሁ አንብቡላት።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል