ለኮሌጅ ማመልከቻ ስለ ታክሲ ሰልፍ ይጻፋል?

መካኒሳ አቦ አካባቢ የማማክራቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚጽፉት ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ችግር፣ ጽናት፣ «ሀገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ»። ስሜቱ እውነት ነው፤ ልጁ ግን አይታይበትም።

እኛ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በዋናነት የብሔራዊ ፈተና ውጤት ስለሆነ ስለ ራስ መጻፍን ማንም አላስለመደንም። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው የጋራ ማመልከቻ ግን ከ250 እስከ 650 ቃላት ያለው ድርሰት ይዟል። ከመነሻ ጥያቄዎቹም አንዱ ርዕሱን ለእናንተ ይተወዋል። ተጠቀሙበት!

ወር በገባ በ5 አቦን ሊሳለም የሚመጣው ሕዝብ የታክሲውን ሰልፍ እንዴት እንደሚለዋውጠው ስታስተውል የኖረች ልጅ ስለዚያው ትጻፍ። ሰልፉ የቱ ጋ ይሰበራል? ለአዛውንት ቦታ የሚለቀው ማን ነው? እሷስ ምን ቆጥራ ምን ገባት? ሒሳብ መውደዷ ሳትናገረው ይታያል።

ያልተለመደ ርዕስ ማለት አስደንጋጭ ርዕስ ማለት አይደለም። ለየት ለማለት ብቻ የተመረጠ ርዕስ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሐሳብ ያልቅበታል። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው፦ ማንም ሳያዛችሁ ደጋግማችሁ የምታስቡት ምንድን ነው?

ሌላ ሰው የጻፈላችሁን ደግሞ በፍጹም አትላኩ፤ ማመልከቻው ሥራው የራሳችሁ መሆኑን ያስፈርማችኋል።