የአሳማ ቆሽት ደሴቶችን ለንቅለ ተከላ ማጥራት፦ የእንስሳው ዕድሜና የቦታው ከፍታ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ኢንሱሊን ካልተወጋ በሕይወት የማይቆይ የስኳር ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ቀጭን፣ ወጣትና በእርሻ የሚተዳደር ሰው ነው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደር ባካሄዷቸው ጥናቶች ይህንን ገጽታ ደጋግመው አሳይተዋል፤ ከሕመምተኞቹ መካከል ወንዶች እንደሚበዙና ሕመሙ ከድህነት ጋር እንደሚያያዝም ዘግበዋል። የደቡብ ጎንደር ደጋ ነዋሪም ከዚህ የተለየ ኑሮ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የጠፉትን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት መተካት በመርህ ደረጃ ዕለታዊውን መርፌ ሊያስቀር ይችላል። ይሁን እንጂ ከሟች ለጋሾች የሚገኝ የሰው ቆሽት በዓለም ሁሉ እጥረት ያለበት ነው፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንኳ የተመሠረተው በሕይወት ባሉ ለጋሾች ላይ ነው። ተመራማሪዎች ወደ አሳማ የሚመለከቱትም በዚህ ምክንያት ነው። የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ሲሆን፣ ለአሥርተ ዓመታት በመድኃኒትነት አገልግሏል።

ኢንሱሊን የሚያመነጩት የላንገርሃንስ ደሴቶች ከቆሽት ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞችን የሚያመነጨው የአሲናር ህብረ ሕዋስ ነው። ማጥራት ለምን እንዳስፈለገ አንድ ቀላል ስሌት ያሳያል። የካናዳው የኤድመንተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ባደረገው ሥራ 7 ሕመምተኞችን ከመርፌ ያላቀቀው በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ10,000 በላይ መደበኛ ደሴቶችን በመስጠት ነበር። መደበኛ ደሴት የሚባለው 150 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ነው። እንግዲህ 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 500,000 ደሴቶች ያስፈልጋሉ፤ የእነዚህ ይዘት ግን 0.9 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ንጽሕናው 10 በመቶ ቢሆን የሚሰጠው ህብረ ሕዋስ ወደ 9 ሚሊ ሊትር፣ 2 በመቶ ቢሆን ደግሞ ወደ 44 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ደሴቶቹ የሚፈስሱት ወደ ጉበት በሚገባው ደም መልስ በኩል በመሆኑ፣ ይህን ያህል ህብረ ሕዋስ የደም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ደም እንዲረጋም ያደርጋል። ፍጹም ንጽሕናም አይፈለግም፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ የማጥራት ዙር ደሴቶችን ይቀንሳልና። በአሜሪካ በተካሄዱ የሰው ደሴት ሙከራዎች 30 በመቶ ንጽሕና በቂ ተብሎ ተወስዷል።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። ኮላጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም በቆሽቱ ቧንቧ ውስጥ ይገባና አያያዡን ህብረ ሕዋስ ያሟሟል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሪኮርዲና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ክፍል ይህንን ሥራ ከፊል አውቶማቲክ አደረገው፤ የተፈቱት ደሴቶች ወዲያው እየወጡ ስለሚቀዘቅዙ ከመጠን በላይ አይፈጩም። ከዚያ በኋላ የተፈጨው ህብረ ሕዋስ እፍጋታቸው ደረጃ በደረጃ በሚለያይ ፈሳሾች ላይ ሆኖ በቀዝቃዛ ሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። ደሴቶቹ ከአሲናር ሕዋሳት ቀለል ስለሚሉ፣ ሲናጥ ቅቤ ከአሬራው በላይ እንደሚሰፍር፣ ከላይ ይቀራሉ። ዲቲዞን የተባለው ቀለም በውስጣቸው ካለው ዚንክ ጋር ተዋሕዶ ቀይ ያደርጋቸዋል፤ ንጽሕናውም በአጉሊ መነጽር ይገመታል።

በአሳማ ላይ ግን ይህ ሥርዓት በየዕድሜው ይለያያል። ለሥጋ በሚታረድ የ6 ወር ገደማ አሳማ ደሴቶቹን የሚከብበው ሽፋን ስስ ስለሆነ፣ ኮላጅኔዝ ሲነካቸው ይበታተናሉ፤ የተበታተነውን ደግሞ የትኛውም ሴንትሪፊውጅ መልሶ አይሰበስበውም። ከ2 ዓመት በላይ የሆናቸው የወለዱ እንስት አሳማዎች የተሻለ ምርት ይሰጣሉ፤ ከተሕዋስያን በተጠበቀ ቤት ይህን ያህል ጊዜ መቀለብ ግን ውድ ነው። ሦስተኛው መንገድ ከተወለዱ ጥቂት ቀናት የሆኗቸውን ግልገሎች መጠቀም ነው። ኮርበትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ የተፈጨው ቆሽት ለ9 ቀናት ያህል በማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ሲቆይ የአሲናር ሕዋሳቱ ራሳቸው ይሞታሉ፤ የሚቀሩት የደሴት ሕዋሳት ስብስቦች ናቸው። በእኔ ግምት አነስተኛ አቅም ላለው ቤተ ሙከራ ተስማሚው ይህ ነው፤ ጉድለቱ ስብስቦቹ ከተተከሉ በኋላ ስኳርን ለመቆጣጠር ሳምንታት መውሰዳቸው ነው።

እዚህ ላይ የደብረ ታቦር ከፍታ ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 546 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። በተለመደው ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ የኦክስጅን ከፊል ግፊት በባሕር ወለል ወደ 142 ሲሆን፣ በደብረ ታቦር ወደ 100 ይሆናል። ደሴት የደም ሥሩን ተነጥቆ በስርገት ብቻ ሲተነፍስ በመጀመሪያ የሚሞተው መካከሉ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳሕን ላይ የሚቀመጡትን ስብስቦች ቁጥር መቀነስ፣ የፈሳሹን ጥልቀት ማሳነስ ወይም ጋዝ አሳላፊ ሳሕን መጠቀም ያስፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ነው፦ መመሪያዎች 5 በመቶ ይላሉ፤ በዚህ ከፍታ ግን ያው 5 በመቶ የፈሳሹን ፒኤች በ0.15 ያህል ከፍ ያደርጋል። የባሕር ወለሉን ሁኔታ ለማግኘት 7 በመቶ ገደማ ይጠይቃል። ይህ እርማት ለደሴት ብቻ ሳይሆን በደጋው ለሚካሄድ ማንኛውም የሕዋስ ማሳደግ ሥራ ይሠራል።

የጠራ ደሴትም ቢሆን ከሰውነት መከላከያ አያመልጥም። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1997 የአሳማ ውርስ ሬትሮቫይረስ በቤተ ሙከራ የሰውን ሕዋስ ሊበክል እንደሚችል ታይቷል፤ በ2017 ደግሞ ቫይረሱ በጂን አርትዖት የተሰናከለባቸው ግልገሎች ተወልደዋል።

በደቡብ ጎንደር አሳማ ማርባት የተለመደ አይደለም፤ የኦርቶዶክስም ሆነ የእስልምና ተከታዩ ሥጋውን አይበላም። ክልከላው ስለ መብል እንጂ ስለ ሕክምና ነው ወይ የሚለው ለካህናትና ለዑለማ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ መቅረብ ያለበትም ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። እስከዚያው በቄራ የሚጣለው የፋርጣ በግ ቆሽት ለእጅ ልምምድ ያገለግላል። የእፍጋት ደረጃዎቹ እንደ እንስሳው ዓይነት እንደገና መለካት አለባቸው፤ ከእርድ እስከ ማቀዝቀዝ ያለውን ደቂቃ መቁጠር፣ የኮላጅኔዝን ማቆሚያ ጊዜ በዓይን መለየትና ቀይ የቀለሙ ደሴቶችን መቁጠር ግን በበግም በአሳማም አንድ ዓይነት ክህሎት ነው።