ጣት ከመጫን በፊት

የዋግ ኽምራ አርሶ አደሮች፣ ዛሬ የምናነበው ስለ ግንባታ ሥራ ነው።

አዝመራው ገብቶ በጋው ሲረዝም ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ወልድያ፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ ድንጋይ የምትሸከሙ፣ አርማታ የምታቦኩ፣ ግንብ የምትሠሩ አላችሁ። እንግዲህ የቀን ሥራ ስትይዙ ሕግ አብሯችሁ አለ። ስሙ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ጎረቤት ለጎረቤት በደቦ ቤት ሲሠራ ደመወዝም አሠሪም የለም፤ አዋጁ እዚያ አይገባም። ለደመወዝ ስትቀጠሩ ግን ይገባል። ውል በቃልም ይጸናል። ነገር ግን በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል እዚያ ላይ ይጻፋል። «ካቦው ያውቀኛል» አትበሉ፤ ካቦው ነገ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ወረቀቱ ባይሰጣችሁም መብታችሁ አይቀርም፤ ግን ምስክር ፍለጋ ትንከራተታላችሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ባዶ ወረቀት ላይ ጣት መጫን ነው። ፊደል ቆጥራችኋልና፣ ቀስ ብላችሁም ቢሆን አንብቡት። የሚያጣድፋችሁ ሰው ካለ ለምን እንደሚቸኩል ጠይቁት።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ለምሳሌ የቀን ደመወዛችሁ 400 ብር ቢሆን፣ ለ8 ሲካፈል የሰዓቱ 50 ብር ነው። ከ8 ሰዓት በላይ ከሠራችሁ የትርፍ ሰዓት ይታሰባል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለት 75 ብር፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 87 ብር ከ50 ሳንቲም፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን 100 ብር፤ በሕዝብ በዓል 125 ብር። ቀን 2 ሰዓት ጨምራችሁ ብትውሉ የዕለቱ ገንዘባችሁ 550 ብር ነው እንጂ 500 አይደለም። 50 ብሯ ትንሽ ናት አትበሉ፤ በ20 ቀን 1,000 ብር ትሆናለች።

ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ሠራተኛስ? ጥፋቱ የአሠሪው ባይሆንም ኃላፊው አሠሪው ነው፤ ማሳከምም አለበት። ጠላ ጠጥቶ ሰክሮ ሥራ የገባ ግን ይህን አይጠብቅ።

አንድ ነገር ለዩ። ግንቡን በራሳችሁ ኃላፊነት፣ በራሳችሁ ንግድ «በቁርጥ» ከወሰዳችሁት ሠራተኛ መሆናችሁ ቀርቶ ተቋራጭ ሆናችሁ፤ የትርፍ ሰዓት የምትጠይቁት ሰው የለም። ሥራ ተቋራጭ ተብሎ ለመሥራት ደግሞ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለግንበኛውና ለአናጢው የሚጠቅመው ሌላ ወረቀት የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ሙያውን ከአባቱ የተማረም ቢሆን ተመዝኖ ማግኘት እንዲችል በሩን ከፍቷል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ነው። በተግባሩ አልሰጋም፤ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከዓለት የፈለፈለ አገር ልጆች ናችሁ። የጽሑፉን ፈተና ግን ከአሁኑ ተለማመዱት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት መጠየቂያ ጊዜው 6 ወር ብቻ ነው። የሚቆጠረውም ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። የጥር መጨረሻ ደመወዝ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። አያችሁ? ዝናቡ ሲመጣ «ከእርሻ በኋላ እጠይቃለሁ» ብላችሁ ወደ ቀያችሁ ትመለሳላችሁ፤ ጤፉ ተዘርቶ ሳያልቅ መብታችሁ ያልፋል። ስለዚህ ከሥራው ከመለየታችሁ በፊት የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ አሠሪው ያለ ክፍያ ሊሰጣችሁ ይገባል። ገንዘባችሁን ከከለከላችሁ ሥራው ባለበት ቦታ ያለውን የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት ክሰሱ። ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የሠራችሁበትን ቀን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት የጻፋችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።